በየማለዳው መኖሬን የሚጠይቅ ፕሮግራም

ከግቢያችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ቤት «ቅርስ ነው፣ አይነካም» ተባለ፤ እናቴ ከቀበሌ ተከራይታ የኖረችባቸው ሁለት ክፍሎች እዚያ ምድር ቤቱ ላይ ስለሆኑ፣ እኔም ከድንጋዩ ጋር አብሬ ቅርስ ሆኜ ቀረሁ። ከኋላ የነበሩት የጭቃ ቤቶች በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፍተው ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ጎረቤቶቼ ከተማዋ ወደምታልቅበት ዳር ሄደው ኮንዶሚኒየም ገቡ። ፎቁ ላይ የነበረው ቢሮም ለቀቀ። ከምኒልክ አደባባይ በኩል የመኪና ድምፅ ይመጣል፤ የሰው ድምፅ ግን የለም። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ጸጥታ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው የተዋወቅሁት፤ አልወደድኩትም።

ከሁሉም የጎደሉብኝ እትዬ ናቸው። ቤታቸው ከመኝታ ቤቴ ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግድግዳችን አንድ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እትዬ ማለዳ ማለዳ ግድግዳውን በዘነዘና መምታት ጀመሩ። እኔም ባገኘሁት ነገር፣ በክርኔም በጫማዬም፣ መልሼ እመታለሁ። ካልመለስኩ በሬ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ሳልመልስ ብቀር፣ የመስኮቱን መስታወት ሊሰብሩ ድንጋይ አንሥተው ደረስኩባቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ያናድደኝ ነበር።

«እትዬ፣ እስር ቤት ያለሁ አስመሰሉኝ እኮ! በየጠዋቱ ቆጠራ?» አልኳቸው።

«ቆጣሪ ያለው ይታደላል» አሉኝና ድንጋዩን ከነበረበት መልሰው ሄዱ።

አሁን ከእትዬ ቤት የቀረው በእኔ የውጭ ግድግዳ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ዝናብ በመታው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለቃል።

ሥራዬን ላስረዳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባም። ቤቴ ተቀምጬ ውጭ አገር ላለ አንድ ድርጅት የጌም ፕሮግራም እጽፋለሁ። የምጽፍበት ቋንቋ ሉዋ ይባላል፤ ትንሽ፣ ጣጣ የማያበዛ ቋንቋ ነው። የእኔ ድርሻ ዘበኞቹ ናቸው። ጌሙ ውስጥ ግምብ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ፤ ዘበኛው ጥቂት ይራመዳል፣ ቆም ይላል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ደግሞ ይራመዳል፤ በቃህ እስኪባል እንዲሁ ይመላለሳል። ይህን መመላለስ ሉፕ እንለዋለን። ዘበኛው ቆም ባለ ቁጥር ግን ጌሙ በሙሉ አብሮት መገተር የለበትም። ስለዚህ ሉፑን ኮሩቲን ውስጥ እናስገባዋለን። ኮሩቲን ማለት መሐል ላይ መተኛት የሚችል ሥራ ነው። «ከአምስት ሰከንድ በኋላ ቀስቅሱኝ» ብሎ ይተኛል፤ ሲቀሰቅሱት ከመጀመሪያው ሳይሆን ካቆመበት ይቀጥላል። እያንዳንዱ ዘበኛ ደግሞ ኦብጀክት ነው፦ አሠራሩ እንደ ወንድሞቹ ቢሆንም የራሱ ቦታ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ «ሂድ» እና «ቁም» አለው። አንዱን ብታቆሙት ሌሎቹ መንገዳቸውን አይለቁም። ይኸው ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ኮምፒውተር የምጠግን ይመስላት ነበር፤ እኔም ለማረም አልደከምኩም።

ሰፈሩ ሲበተን እድራችን አልተበተነም። ለምን እንዳልተበተነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ማንም «ይፍረስ» ብሎ ለመናገር አፉ ስላልደፈረ ይሆናል። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ብረት ድስቶቹ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የተከራየነው ክፍል ውስጥ ተቆልለው ቀሩ፤ ሰው በሞተ ቁጥር ሁሉም ካለበት ዳር ተነሥቶ ይመጣል። እኔ በእናቴ ቦታ ገብቼ አባል ነኝ። ሰብሳቢያችን አራዳ ተወልደው አራዳ ያረጁ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ምላሳቸው አያርፍም። ጥሩንባ ነፊ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን ሰው ሲያርፍ ሰብሳቢው በስልክ ለሁላችን መልእክት ይልካሉ።

አንድ ቀን አንድ የድሮ ጎረቤታችንን ቀብረን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞር አሉና፦

«ለመሆኑ አንቺ ልጅ፣ አንቺ የሞትሽ እንደሆነ ማን ይነግረናል?» አሉኝ።

«እኔው ራሴ እደውልልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። እኔ ስቄአለሁ፤ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገብቶ ነበር። በእውነት ማን ይነግራቸዋል? አሠሪዎቼ መጀመሪያ ኢሜይል ይጽፋሉ፤ ቀጥለው ትንሽ ቆጣ ያለ ኢሜይል ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። ሱቁ ያለው ልጅ ሌላ ቦታ መግዛት ጀመረች ብሎ ያኮርፈኛል። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፣ እሱም በሩ ካልተከፈተለት በግምት ሞልቶ ይሄዳል። ፈራሁ። መሞትን አይደለም የፈራሁት፤ ሞቼ ሳይታወቅብኝ እዚያው መቅረትን ነው። ይህ ፍርሃት ብቻውን ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ግን ለማንም አይወራም፣ ያሳፍራል።

እኔ ደግሞ ስፈራ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቁጭ ብዬ ፕሮግራም እጽፋለሁ።

ያረጀ ላፕቶፔን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ መልእክት እንዲልክ ሲም ካርድ ያለው ዶንግል ሰካሁበት። እንደ ጌሙ ዘበኞች ያለ አንድ ዘበኛ ጻፍኩለት፣ የሚጠብቀው ግን ግምብ ሳይሆን እኔን ነው። በየማለዳው ይነቃና ድምፅ አሰምቶ ስክሪኑ ላይ «አለሽ?» ብሎ ይጽፋል። አንድ ቁልፍ ስጫን እስከ ነገ ይተኛል። ካልተጫንኩ ትንሽ ተኝቶ ተነሥቶ ደግሞ ይጠይቃል። ሦስተኛውም ጊዜ መልስ ካጣ ለእድሩ አባላት በሙሉ መልእክት ይልካል።

ፕሮግራሙ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። መልእክቱ ግን ሰነበተ። የገዛ ራሱን መርዶ የጻፈ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ «አረፈች» ልበል ወይስ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች»? «በድንገት» ይግባ ወይስ ይቅር? «በደረሰባት ሕመም» እንዳልል ሕመሜን ከየት አምጥቼ? በመጨረሻ ስሜን ጻፍኩና «የእድራችን አባል የሆነችው እህታችን ማረፏን በሐዘን እንገልጻለን፤ በመኖሪያ ቤቷ ፒያሳ እንገናኝ» አልኩ። «በሐዘን» የሚለውን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ማን እንደሚያዝን አላውቅማ።

እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙን ወደድኩት። ማለዳ ፊቴን ሳልታጠብ መጥቼ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ሳላስበውም «አለሁ» እያልኩ ድምፄን አውጥቼ መመለስ ጀመርኩ። ብዙ ቀን የምናገረው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል እሱ ነበር። የራሴ ዘበኛ የሚጠይቀኝን ለራሴ ዘበኛ እመልሳለሁ። ሰው የሚለኝን አስቤ እስቃለሁ፤ የሚል ሰው ግን አልነበረም።

ያ ቀን የዓይን ሐኪም ቀጠሮ የነበረኝ ቀን ነው። ማለዳ፣ ገና ሳይጠይቀኝ ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ፣ ዘበኛዬ በሁለት ጥያቄ መሐል የሚተኛው እንቅልፍ አጠረብኝ፤ ሽንት ቤት ብዘገይ እንኳ የሚገድለኝ መሰለኝ። ስለዚህ አቆምኩት፤ የእንቅልፉን ጊዜ አርዝሜ ወዲያው መልሼ አስጀመርኩት። ጠየቀኝ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ «አለሁ» አልኩ። ከዚያ ለብሼ ወጣሁ።

የሠራሁት ስህተት እንዲህ ነው። ቤታችሁ ዘበኛ አለ እንበል። ተኝቶ ሳለ በሩ ላይ «ሥራ ቀርቷል» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። እሱ ግን እንቅልፍ ላይ ነው፣ አላነበበም። ሳይነቃ ወረቀቱን ትገነጥሉና «ሥራ አለ» ብላችሁ ለጥፋችሁ ሌላ ዘበኛ ትቀጥራላችሁ። የፊተኛው ሲነቃ በሩን ያያል፤ «ሥራ አለ» ይላል፤ ዱላውን አንሥቶ ይቀጥላል። አሁን ሁለት ዘበኛ አላችሁ፣ እናንተ የምታውቁት ግን አንዱን ብቻ ነው። የእኔም ነገር ይኸው ሆነ። «ቁም» ስል የፊተኛው ኮሩቲን ተኝቶ ነበር፤ ሲነቃ ያገኘው ለአዲሱ የተጻፈውን «ሂድ» ነው። ማለዳ የተጫንኩት ቁልፍ ለአዲሱ ደርሷል፤ ለአሮጌው የሚመልስለት አልነበረም። እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ «አለሽ?» አለ፣ ተኛ። ተነሥቶ «አለሽ?» አለ፣ ተኛ። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ከዚያ የታዘዘውን አደረገ፤ ጥፋት የለበትም።

ለስንት ዓመት ለሌላ ሰው ዘበኛ ስጽፍ ይህን ስህተት ሠርቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ሉፕ ሲጀምር የራሱ ምልክት ሊሰጠው ይገባል፤ ሲነቃም «ሥራ አለ ወይ» ብቻ ሳይሆን «ይህ ሥራ የእኔ ነው ወይ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ለድርጅቱ ስጽፍ አደርገዋለሁ። ለራሴ ስሆን ግን እንደ ነገሩ ጻፍኩት፤ የራሴን ቤት ነገር ሁሉ የምይዘው እንደዚያ ነው።

ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ሐኪም ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨመረልኝ። ጠብታው የዓይንን ብሌን ይከፍታል፤ ለጥቂት ሰዓት ማንበብ የለም፣ ፀሐይም አይቻልም። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ነበር፤ ባወጣውም አላየውም። ነጠላዬን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። መኪናው፣ ሱቁ፣ ሰዉ ሁሉ ጫፍ ጫፉ ቀልጦ ይታየኛል። ቤቴ አካባቢ ስደርስ በሩ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ጠብታው ነው አልኩ። ቀረብ ስል ድንኳን ነው።

ወይ ጉድ፣ ማን ሞተ? አልኩ በሆዴ። ደንግጬ እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ፣ ለቅሶ ሳልደርስ እንዳልቀር። እዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚሞት ሰው እንደሌለ ወዲያው አልመጣልኝም። ከድንኳኑ ውጭ አግዳሚ የምታወርድ ወጣት ነበረች፤ የአንዱ አባል ልጅ ትሆናለች፣ አታውቀኝም፣ አላውቃትም።

«እህቴ፣ ማን ነው?» አልኳት።

«የዚህ ቤት ልጅ ናት። ብቻዋን ነበር የምትኖረው አሉ፤ ምስኪን!» አለችኝ።

ለቀባሪው አረዱት ሲባል እሰማለሁ። የራሷን መርዶ የተረዳች ሟች ግን እኔ ሳልሆን አልቀርም። መልእክቱ ትዝ አለኝ፣ ዘበኛው ትዝ አለኝ፣ ማለዳ ያቆምኩትና ያስጀመርኩት ትዝ አለኝ፤ ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ገባኝ። ሮጬ ገብቼ «አልሞትኩም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ የቤቴ በር ላይ ተደግፈው የሚያለቅሱ ሰው ነበሩ፣ ድምፃቸውን አውቄዋለሁ። እትዬ ናቸው።

«ግድግዳዬ ፈርሶ ጎረቤቴም ሄደች፣
ማለዳ ብጠራት ሳትመልስ ቀረች።»

እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ሰው ሲያለቅስልኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሩቅ ስልክ የሚደውልልኝ፣ «ደህና ነሽ?» የሚለኝ አንድ ሰው ላጣሁት ለእኔ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው መጥቶልኛል፤ በጠብታ የደበዘዘ ዓይኔ ፊታቸውን እንኳ አይለይም። ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ጋር አፈርኩ። ለዚህ መሞት ነበረብኝ ማለት ነው አልኩ፤ አልኩና ተናደድኩም።

ድምፅ ሳላሰማ አልቀረሁም፤ ሰብሳቢው ዞር አሉና አዩኝ። ከአንድ ወጣት ጋር በሩ ይሰበር አይሰበር፣ ፖሊስ ይምጣ አይምጣ እያሉ ይከራከሩ ነበር። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ከኋላቸው «በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ አንዷ ሴትዮ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። እትዬ ግን ቀጥ ብለው መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩኝ፤ አገላብጠው አዩኝ፤ ከዚያ በጥፊ አጮሉኝ። ወዲያው ደግሞ አቅፈው አለቀሱ።

ሰብሳቢው ትንፋሻቸው ሲመለስ፦ «ምነው ልጄ፣ ሞትሽ እንደ መብራት ነው እንዴ? ይሄዳል ይመጣል?» አሉ።

የሆነውን አስረዳሁ። ስለ ሁለቱ ዘበኞች ስናገር ገባን የሚል አንድም ፊት አላየሁም። «በቃ ማሽኑ ዋሸ» አሉና ደመደሙልኝ፤ ማሽኑ እንዳልዋሸ፣ ያዘዝኩትን እንዳደረገ ለመንገር ጉልበት አጣሁ። ከመጣን አይቀር ብለው ተቀመጡ። ንፍሮው ተቀቅሎ ነበር፤ «የሞተ ባይኖርም አይጣልም» ተባለና ተዘገነ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የማን ቤት የት ጋ እንደነበረ እየተጣቆሙ ተጨቃጨቁ። አንዷ የበርበሬ ማስጫ ቦታዋ ይኼ ጋ ነበር ስትል ሌላዋ አይደለም ትላለች። ከሰፈሩ መፍረስ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሲስቁ አልሰማሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ወረደ፣ አግዳሚዎቹ ተጫኑ፣ የሩቅ ሰዎች ታክሲ እንዳያመልጣቸው ተሯሩጠው ሄዱ።

ሰብሳቢው ሳይሄዱ በፊት ላፕቶፑን በፊታቸው አስዘጉኝ። «ሁለተኛ ለማሽን እንዳትሞቺ» አሉና ፍርድ ሰጡ፤ አባላቱ ተራ ገብተው በየማለዳው አንድ አንድ ሰው ይደውልልኝ። «አለሽ?» ይባላል፤ «አለሁ» እላለሁ፤ አለቀ።

መጀመሪያ ሰሞን ስልኬ እንደ ሠርገኛ ስልክ ነበር። ተራው ያልደረሰውም ይደውላል። ከዚያ ተራው ይረሳ ጀመር። አንዱ ለሌላው «ትናንት ተራው ያንተ መስሎኝ» ይላል፣ ሌላው ልጁ ታመመበት፣ ሌላዋ ስልኳ ጠፋ። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ኑሮ አለበት፤ ከዳር እስከ መሐል ከተማ ታክሲ ሲጋፉ ማለዳቸው ያልቃል። እየሳሳ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ሰው ቀረ፤ እትዬ። እሳቸው አንድም ቀን አልዘለሉም። «አለሽ?» ይላሉ፤ «አለሁ፣ እትዬ» እላለሁ፤ ስልኩ ይዘጋል። ካርድ እንዳይቆጥርባቸው ይመስለኛል፣ ሰላምታ እንኳ አይጨምሩም። እኔም ወደ ዘበኞቼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ሰሞን አንድ ማለዳ አልደወሉም።

ዘገዩ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል አልኩ። ሥራዬን ከፍቼ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ደወልኩላቸው፤ ጠራ፣ አልተነሣም። ትንሽ ቆይቼ ደወልኩ፤ ጠራ፣ አልተነሣም። ለሰብሳቢው ብደውልላቸው «አይዞሽ፣ ስልካቸውን የትም ጥለውት ነው፤ ከሰዓት አይቼ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እየጠራ ሳለ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ያወቅሁት፤ ቤታቸውን አላውቀውም። ሰፈሩን አውቃለሁ፤ ሕንጻው የትኛው እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ግን በየማለዳው ጠይቀውኛል። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ደርሼ፣ በመስመር ከቆሙ አንድ ዓይነት ሕንጻዎች መሐል ዘበኛ ባገኘሁ ቁጥር «ከፒያሳ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት» እያልኩ ዞርኩ። አንዱ «ብዙ ናቸው» አለኝ። በስንት መከራ አንዲት ጎመን የምትሸጥ ሴት አወቀቻቸው፤ ጣቷን ወደ አራተኛ ፎቅ ቀሰረች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ምንም የለም። ደበደብኩት። እግዚአብሔርን ለምኜ አላውቅም ነበር፤ ለመንኩት።

የእግር ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ፀጉራቸውን አስረው፣ ሹራብ ደርበው ቆመዋል። ምንም አልሆኑም።

«እትዬ! ደህና ነዎት? ስልኩን ለምን አያነሱም?»

«ሲጠራ ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ?»

«ትመጪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

መናደድ ፈልጌ ነበር፤ አፌን ስከፍት ንዴቱን አጣሁት። እሳቸው ግን የተናደዱም የሚቀልዱም አይመስሉም፤ የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«አንቺን ልቀብር መጥቼልሻለሁ። ሁላችንም ድንኳን ተሸክመን መጥተናል። እዚህ ከገባሁ ወዲህ ግን ይህን በር ያንኳኳ ከፒያሳ ሰው የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። እሱንም የሞትኩ ስለመሰለሽ ነው።»

በሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ። ከታች የጎመን ሻጯ ድምፅ ይሰማል፣ ከሌላ ፎቅ ሕፃን ይጮኻል፣ እኔ እንደ ልጅ እነፋረቃለሁ።

«አሁን ምን ያስለቅስሻል? አልሞትኩም እኮ» አሉኝና ከበሩ ገለል አሉልኝ፤ «ግቢ።»

ገባሁና እስከ ማታ ተቀመጥኩ።